ሲሞቅ ድርግም የሚለው ሞተር፦ ከጣና ዳር አንድ የጉዳይ ጥናት

ጀልባዋ ከባሕር ዳር ተነስታ ዘጌ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ሞተሩ ድርግም አለ። አሥራ አንድ ሰው ተሳፍሯል። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጣና ላይ ነፋስ የሚነሳበት፣ ማዕበሉም ከፍ ከፍ ማለት የሚጀምርበት ሰዓት። ጀልባ ነጂው የማስነሻውን ገመድ ሲስብ ሲስብ መዳፉ ተላጠ። ሃያ ደቂቃ ያህል ውሃው ወደፈለገበት ሲገፋቸው ቆየ። ከዚያ ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በአንድ ስብ ተነሳ።

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። ሲጠፋ ይህ ለአራተኛ ጊዜ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የጀልባዋ ባለቤት ሱቄ ድረስ መጡ። ዕድሜያቸውን ሐይቁ ላይ ያሳለፉ ትልቅ ሰው ናቸው። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳንጨርስ «ልጄ፣ ይህ ሞተር ሰው ሳይበላብኝ አንድ በለኝ» አሉ።

እኔ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕና የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። ይህን ጉዳይ ከነዝርዝሩ የምጽፈው ብዙ አሮጌ ሞተሮች ይህንኑ በሽታ ስለሚያመጡት ነው። ጣና ላይ ያለ ሰው ብቻ ሳይሆን ሐዋሳም፣ ዝዋይም፣ ጫሞም ላይ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። በሽታው የሚገኝ ነው። ግን ብዙ ሰው ሳያገኘው ገንዘቡን ይጨርሳል።

ሞተሩ የጃፓን ሥሪት ነው። 40 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ። ዘይቱ 50 ለ 1 ሆኖ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ባትሪ የለውም፤ በገመድ ነው የሚነሳው። ዕድሜው ከሃያ ዓመት ያልፋል።

እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ያልተደረገለት ነገር አልነበረም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታጥቧል። የቤንዚን ጎማውና ማጣሪያው ተቀይሯል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ሁለት ጊዜ በአዲስ ተተክተዋል። በመጨረሻ ሲዲአዩም ተቀየረ። ሲዲአይ ማለት የእሳቱን ኮረንቲ አጠራቅሞ በሰዓቱ የሚለቅ ጥቁር ሣጥን ነው። ከሞተሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ውዱም እሱ ነው። አንዴ ከተገዛ ደግሞ አይመለስም። የመለዋወጫ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ያላየ የለም። ባለቤቱ አሮጌውን ሲዲአይ በፌስታል ቋጥረው ይዘውት መጥተው ነበር። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ ሞተሩ በአራተኛው ቀን እንደገና ጠፍቶ ነበር።

ጥያቄ ከመፍቻ ይቀድማል

ጀልባውን የሚነዳው የእህታቸው ልጅ ነው። ገና ወጣት ነው፤ ዓይኑ ግን ነገር አያመልጠውም። መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው።

«ሲጠፋ እንዴት አድርጎ ነው? እያንተፋተፈ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ?»

«በአንድ ጊዜ ነው ጋሼ። እንደ መብራት።»

«ከመጥፋቱ በፊት ጉልበት አይቀንስም?»

«ምንም። እየበረረ ነው ቀጥ የሚለው።»

ይህ መልስ ብቻውን የካርቡሬተሩን እጥበት ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ቤንዚን ያጣ ሞተር በአንድ ጊዜ አይሞትም። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረችውን እስኪጨርስ ይንተፋተፋል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ከመጥፋቱ በፊት ትንሽ ይጮኻል። የቤንዚኑን ላስቲክ ፓምፕ በእጅ ስትጨምቀው ነፍስ ይዘራል። እሳት ያጣ ሞተር ግን በቁልፍ እንደተዘጋ ነው፤ በሰከንድ ውስጥ ዝም ይላል። ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተር በዚህ መልኩ ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም ካንዴላዎች በአንድ ቅጽበት እሳት አጥተዋል ማለት ነው። ሁለት ካንዴላ በአንድ ሰከንድ አብሮ አይሞትም። ስለዚህ የምፈልገው ሁለቱ የሚጋሩትን ነገር ነው።

የሚጋሩት ብዙ አይደለም። ቮላኖው (በሞተሩ አናት ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ውስጥ ማግኔቶች አሉ። ቮላኖው ሲዞር ማግኔቶቹ ከሥር በተቀመጠው የቻርጅ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ፊት ያልፋሉ፣ ኮረንቲ ይፈጠራል። ሲዲአዩ ያንን ኮረንቲ ተቀብሎ ያጠራቅማል። ፐልሰር የሚባለው ሌላ ትንሽ ኮይል «አሁን» የሚል ምልክት ሲሰጠው በአንድ ጊዜ ወደ ቦቢናው ይለቀዋል። ቦቢናው በሺዎች ወደሚቆጠር ቮልት ያሳድገውና ካንዴላው ላይ ይፈነዳል። በዚህ ሞተር ላይ ለሁለቱም ሲሊንደር ያለችው ቦቢና አንድ ነች፤ ሁለት ወፍራም ሽቦ ይወጣላታል። የማጥፊያው ቁልፍ ደግሞ የሲዲአዩን አንድ ሽቦ ከማሳ (ከሞተሩ አካል ብረት) ጋር ያገናኝና ኮረንቲውን ያስቀረዋል። እንግዲህ ተጠርጣሪዎቹ አምስት ናቸው፦ ቻርጅ ኮይል፣ ፐልሰር፣ ሲዲአይ፣ ቦቢና፣ የማጥፊያ መስመር። ሲዲአዩ ተቀይሯል። አራት ቀሩ።

ሞተሩን በርሜል ውኃ ውስጥ አስገብቼ አስነሳሁት። እንደ ሰዓት ይሠራል። የማቀዝቀዣው ውኃ በጎን በኩል በደንብ ይወጣል። ይህን ያየሁት በምክንያት ነው። ጣና ላይ እንቦጭ ከገባ ወዲህ የውኃ ማስገቢያው ተደፍኖ ሞተር ሲግል ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። የጋለ ሞተርም ሊጠፋ ይችላል። ይሄኛው ግን ከዚያ ነፃ ነው።

ካንዴላዎቹን አውጥቼ እሳቱን ለካሁ። ካንዴላውን ሲሊንደሩ ላይ አስተኝቶ ብልጭታ ማየት ብዙዎቻችን የለመድነው ነው፤ እኔ ግን አላምነውም። ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር የታመቀ ነው፣ ብልጭታው እሱን በስቶ ለማለፍ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ውጭ ላይ ግን ደካማ ኮረንቲም ይዘላል። ባሕር ዳር ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ስስ ስለሆነ ብልጭታው ውጭ ላይ ይበልጥ ይቀለዋል። ስለዚህ 9 ሚሊሜትር ክፍተት ያለው የብልጭታ መፈተሻ ሠርቻለሁ። በዚያ ላይ ዘሎ ካለፈ እሳቱ እሳት ነው። ዘለለ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ጠ ጠ የሚል።

(አንድ ነገር ልጨምር። ካንዴላ ያልተሰካበትን ወፍራም ሽቦ አየር ላይ ትቶ ገመድ መሳብ ሲዲአዩን ይጎዳል። ሁልጊዜ ከማሳ ጋር ይያያዝ። ጫፉንም በእጅ አትያዙ።)

በቴስተር ሁሉንም ለካሁ። ቻርጅ ኮይሉ 312 ኦም (ኦም ሽቦ ኮረንቲን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው)። ፐልሰሩ ደህና። ቦቢናዋ ደህና። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ሕመሙ የሚጠፋበት ሰው ዓይነት ነበር።

የተሳሳትኩበት

ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ስከታተል የማጥፊያው ነጭ ሽቦ ከኮፈኑ ጠርዝ ጋር ተፋግቶ መላጡን አገኘሁ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ቦታ ላይ መዳቡ ይታያል። ደስ አለኝ። በንዝረት ማሳ እየነካ ነው የሚያጠፋው ብዬ ደመደምኩ። አሳማኝ ነበር። ሽቦውን ቀየርኩ፣ በላስቲክ ቱቦ ሸፈንኩ፣ በርሜል ውስጥ ሃያ ደቂቃ አስነስቼ ሰጠኋቸው።

በአምስተኛው ቀን ከክብራን ገብርኤል ደሴት አለፍ ብሎ ጠፋ። ሰባት ሰው ነበረበት።

ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተላጠው ሽቦ እውነተኛ ብልሽት ነበር፤ መጠገንም ነበረበት። ግን የዚህ መጥፋት ምክንያት እሱ መሆኑን አላረጋገጥኩም። አንድ የተበላሸ ነገር ሳገኝ መፈለጌን አቆምኩ። በርሜል ውስጥ ሃያ ደቂቃ ስፈትነውም ሞተሩ የሚጠፋው ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ አልጠየቅሁም ነበር።

ባለቤቱን ሰው እንዳይጭኑ ለመንኳቸው። ቅዳሜ ገበያ እየደረሰ ነው፤ ከዘጌ ቡናና እንጨት ይዞ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ከበዳቸው። ግን «እሺ፣ ነፍስ ይበልጣል» አሉ። ለልጁ ደግሞ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝቼ ሰጠሁት። ባዶ ጀልባ ይዞ፣ ሌላ ጀልባ አስከትሎ፣ ዳር ዳሩን ብቻ እንዲነዳ ነገርኩት። አራት ነገር ይጽፋል፦ ስንት ሰዓት ተነሳ፣ ስንት ሰዓት ጠፋ፣ እንዴት ጠፋ፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ተነሳ።

በሦስተኛው ቀን ደብተሩን አመጣልኝ። በእስክሪብቶ አምስት መስመር አስምሯል። ጽሑፉ የተጣበበ ነው፣ አንዱ ገጽ ላይ የቤንዚን ጣት አለበት። እንዲህ ይላል፦

ጠዋት 2፡10 ተነሳ። 2፡51 ጠፋ። ድርግም። 22 ደቂቃ።
ጠዋት 3፡20 ተነሳ። 3፡38 ጠፋ። ድርግም። 25 ደቂቃ።
ከሰዓት 9፡05 ተነሳ። 9፡42 ጠፋ። ድርግም። 20 ደቂቃ።
ጠዋት 2፡00 ተነሳ። 2፡30 እኔ አጠፋሁት። በ10 ደቂቃ ቢሳብ እምቢ አለ። በ30 ተነሳ።

ደብተሩን ሳነብ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆምኩ። ያንን እንዲያደርግ አልነገርኩትም። ከራሱ ነው ያደረገው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ አርባ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ሞቅ ብሎ ከተነሳ በአሥራ ስምንት ደቂቃ ይጠፋል። ይህ ሙቀት ነው፤ ንዝረት ቢሆን ሰዓት አይጠብቅም ነበር። አራተኛው መስመር ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ሞተር ሲጠፋ ወዲያው አይቀዘቅዝም። ውኃው መዞር ስለሚያቆም ብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። ለተወሰነ ደቂቃ ከቮላኖው ሥር ያለው ቦታ ሲሠራ ከነበረው ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ ደህና ሆኖ የጠፋው ሞተር በአሥር ደቂቃው እምቢ ያለው ለዚህ ነው። ልጁ ቱሪስቶችን ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም አድርሶ ሲጠብቅ ሞተሩ ለምን አንዳንዴ እንደሚያስቸግር፣ አንዳንዴ ደግሞ ለምን በአንድ ስብ እንደሚነሳ አሁን ገባኝ። ቶሎ የተመለሱለት ቀን ያስቸግራል። ቆይተው የተመለሱ ቀን ደህና ነው።

ሐይቁ ላይ፣ በሽታው እያለ

በማግስቱ አብሬው ወጣሁ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሕይወት አድን ጃኬት፣ ሁለት መቅዘፊያ። ሌላው ጀልባ በቅርብ ይከተለናል። ኮፈኑን ከመነሻው ከፍቼ ከፊቴ አስቀመጥኩ። ቴስተሩና የብልጭታ መፈተሻው እግሬ ሥር ናቸው። ልጁ በሙሉ ጉልበት ነዳው።

በ38ኛው ደቂቃ ላይ ድርግም አለ።

ዝምታው ያስፈራል። የውኃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ልጁ ሊያወራ ሲል እጄን አነሳሁ፤ ያሉኝ ደቂቃዎች ጥቂት ናቸው። የቤንዚኑን ላስቲክ ጨመቅሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ሙሉ ነው። ካንዴላዎቹን ነቅዬ መፈተሻውን ሰካሁ። «ሳበው።» ሳበ። ምንም። ወደ ሌላው ቀየርኩ። ምንም። ሁለቱም ጨለማ።

ነጩን የማጥፊያ ሽቦ ከሲዲአዩ ነቀልኩት። ጥፋቱ ማጥፊያው ላይ ቢሆን ኖሮ አሁን እሳት ይመለስ ነበር። «ሳበው።» ምንም። በዚህች አንዲት ንቅያ የማጥፊያው መስመር ከጥርጣሬ ወጣ። ባለፈው ያላደረግሁት ይህንን ነው።

ከቮላኖው ሥር የሚወጡትን የቻርጅ ኮይል ሽቦዎች ከሶኬቱ ለየሁና ቴስተሩን ነካሁ። ጠዋት 312 ያለው ኮይል አሁን ቁጥር የለውም። ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል አንዲት «1» ብቻ ቆማለች። መስመሩ ተበጥሷል ማለት ነው። ፐልሰሩን ለካሁ፤ ከጠዋቱ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ደህና ነው። ቦቢናዋም እንደዚያው። ወደ ቻርጅ ኮይሉ ተመለስኩ። አሁንም «1»።

ከዚያ ጠበቅን። ቴስተሩን ሳልነቅል ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። አንድ ታንኳ ወረቀተ ደንገል ጭና በአጠገባችን አለፈች፤ ሽማግሌው «ምን ሆናችሁ?» አሉን፣ «ደህና ነን አባባ» አልናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ «1»ዋ ጠፋችና 374 መጣ። ልጁ «ኧረ!» አለ። ትንሽ ቆይቶ 368፣ ቀጥሎ 361። ሽቦዎቹን መለስኩ። በአንድ ስብ ተነሳ።

እነዚህ ቁጥሮች ለምን እንደሚያሳምኑ ላስረዳ። መዳብ ሲሞቅ የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል፤ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.4 በመቶ። 312 የነበረ ኮይል 50 ዲግሪ ቢሞቅ 373 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ 374 ማለት ጤነኛ፣ ግን የሞቀ ኮይል ነው። ከዚያች ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል ግን ቁጥሩ ወደ 380 አይሄድም፤ ጨርሶ ይጠፋል። ውስጡ የተሰበረ ሽቦ አለ። ሲቀዘቅዝ ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ሲሞቅ የተጠቀለለበት ማጣበቂያ ያብጥና ያራርቃቸዋል። ሱቅ ውስጥ በቀዝቃዛው መቶ ጊዜ ብለካው መቶ ጊዜ 312 ይለኝ ነበር።

ቮላኖውን ያወጣሁት በትክክለኛው መሳቢያ ነው። በመዶሻ የሚመቱ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ማግኔቶቹ ይሰነጠቃሉ፣ የዘንጉም ጫፍ ይበላሻል። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታሰናኘው ትንሿ ብረት ትንሽ እንኳን ከተዛነፈች የእሳቱ ሰዓት ይዛባል፣ አዲስ በሽታ ይመጣል።

ኮይሉን ፀሐይ ላይ አውጥቼ በማጉያ አየሁት። ቀጭኑ ሽቦ ከወፍራሙ ጋር በሊድ የተበየደበት ቦታ ላይ ማጣበቂያው በፀጉር ልክ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ሥር አረንጓዴ ነጥብ አለ። እርጥበት ገብቶ መዳቡን በልቶታል። ጫፉ ላይ ስለሆነ መልሶ መበየድ ይቻላል። ባለቤቱም «በይድልኝ እንጂ» ብለው ነበር። እምቢ አልኩ። የጓሮ ውኃ ፓምፕ ቢሆን እበይደው ነበር። ሰው ጭኖ ሐይቅ ላይ ለሚወጣ ሞተር ግን ያ ብየዳ ሌላ የሚሰበር ቦታ ነው። ማስጠቅለልም አሰብን። ሽቦው እንደ ፀጉር ቀጭን፣ ዙሩ እጅግ ብዙ ነው፤ በልምድ የሚጠቀልል ሰው ቢገኝም ማጣበቂያው ሙቀቱን ይችላል ወይ የሚለው አስፈራኝ።

አዲሱን ዱባይ ያለች ዘመዳቸው እንድትልክ ተነጋገርን። እስከዚያው ከሞቱ ሞተሮች ሁለት ኮይል አገኘሁ። የተማርኩትን ወዲያው ሠራሁበት፤ ሁለቱንም በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኋቸው። አንደኛው በቀዝቃዛው 298 ነበር፤ ሽቦውን ሳነቃንቀው ቁጥሩ ይዘላል። ጣልኩት። ሁለተኛው ከ309 ተነስቶ 365 ደረሰና ረግቶ ቆመ። ሲቀዘቅዝ ወደ 309 ተመለሰ። ገጠምኩት። ኦም ብቻውን ስለማይበቃ በዳዮድና በካፓሲተር በሠራሁት መለኪያ ቮልቱንም አየሁ፤ ተራ ቴስተር ያቺን አጭር ግፊት አይዛትም። ገመዱ በእጅ ሲሳብ ከ130 ቮልት በላይ ይሰጣል።

ይሄኔ በርሜል ውስጥ ያስነሳሁት ሃያ ደቂቃ አይደለም። አንድ ሰዓት ከሩብ። ከዚያ አጥፍቼ በትክክል አሥር ደቂቃ ጠብቄ ሳብኩት። ተነሳ። በማግስቱ ባዶውን ሁለት ሰዓት ሐይቁ ላይ ነዳነው። በመሃል ሦስት ጊዜ እያጠፋን አሥር አሥር ደቂቃ ጠብቀን አስነሳነው። ያን ጊዜ ነው ሰው እንዲጭኑ የተስማማሁት።

የፌስታሉን ሲዲአይ መልሼ ገጥሜ ሞከርኩት። ጤነኛ ነው፤ ድሮም አልታመመም። አሁን ጀልባዋ ውስጥ ተጠባባቂ ሆኖ ተቀምጧል። ከዱባይ የመጣው አዲስ ኮይልም ከአንድ ወር በኋላ ተገጠመ፤ እሱንም ሳላሞቅ አላስገባሁትም።

አንድ ያልጨረስኩት ነገር አለ። የታችኛው ካንዴላ አሁንም ከላይኛው ይጠቁራል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ለሞተሩ ቤንዚኑ ይበዛበታል ብዬ እገምታለሁ፤ የታችኛው ለምን እንደሚብስ ግን ገና አላወቅሁም። ከዝናቡ በፊት የካርቡሬተሩን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጌ አየዋለሁ።

ልጁ ደብተሩን አላቆመም። ባለፈው ሳምንት ሊያሳየኝ አምጥቶት ነበር፤ ሁለተኛውን ደብተር ጀምሯል። የመጨረሻው መስመር ላይ «ቅዳሜ። ዘጌ ደርሶ መልስ። ሁለት ጊዜ። አልጠፋም» ይላል።